በድምፅ ማጉያ የጠራሁት ስም

ድምፄ ትልቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሂሳብ ያስተማርኋቸው ልጆች ይመሰክሩልኛል፤ በእኔ ክፍለ ጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ እንኳ እንቅልፍ የወሰደው ተማሪ የለም። በበጎ አድራጎት ክበባችን ውስጥ ሰው የመጥራት ሥራ የእኔ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክበባችን ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የምንሰበሰብ መምህራን፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ባለሱቆች፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና ሁለት ጡረተኞች ነን። ጣሪያው ያፈሰሰበትን አቅመ ደካማ ቤት እንከድናለን፣ በክረምት ብርድ ልብስ እናድላለን፣ ሐኪሞች በነፃ ሊያክሙ ሲመጡ ሕዝቡን እናሰባስባለን።

ያን ጊዜ የክበቡ ጸሐፊ ነበርሁ። ጸሐፊ ብቻም አልነበርሁም፣ የዝርዝር ሰው ነበርሁ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ፊቴ ቆሞ ቢያለቅስ እንኳ “ዝርዝሩ ላይ የሉም” ብዬ ቀጣዩን እጠራለሁ። ጭካኔ አይምሰላችሁ። ዝርዝር በሌለበት ጉልበተኛው ተጋፍቶ ይወስዳል፣ ደካማው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ባይኔ አይቻለሁ፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ጥፋቴ በዝርዝር ማመኔ አልነበረም፤ ጥፋቴ ሌላ ነው፣ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው ሮብ ገበያ ነው፣ በጥቅምት ብርድ። የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለአርባ ሰው የሚሆን ዕቃ ይዘው ለአንድ ቀን እንደሚመጡና በማግስቱ ፋሻ ከፍተው ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚያልፉ ነገሩን። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ አንዲት ነርስ ምርመራ ልታደርግ መጣች። ምርመራው የተደረገው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲወጡ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ የገጠሩ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ይገኛልና። ሲስተር ዓይናቸውን ትለካለች፤ የታመመው ቀኙ ይሁን ግራው፣ ዓይናቸው ውስጥ የሚገባው ሌንስ ስንት ቁጥር እንደሆነ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጣቸዋለች። እነሱም ብጣሿን ይዘው ደጀ ሰላም ወደተቀመጡት መሪጌታ ፍሬው ይሄዳሉ። መሪጌታ ብጣሿን ተቀብለው ያስቀሩና ስማቸውን ከነቁጥሩ በአንድ ወረቀት ያሰፍራሉ።

መሪጌታን በስልክ ያስቸገርኋቸው እኔ ነኝ። “አባቴ፣ የሕሙማኑን ስም ይጻፉልን” አልኋቸው። “በደስታ ልጄ” አሉኝ። በዚሁ ተለያየን።

ወረቀቱ ደረሰኝ፤ እንዴት ያለ የእጅ ጽሕፈት መሰላችሁ፣ ፊደሉ የተተከለ እንጂ የተጻፈ አይመስልም። አርባ ስም። የአባት ስም ግን የለውም። ተናደድሁ፤ “መሪጌታ ናቸው፣ ምን ይደረግ” ብዬ በኮምፒውተር ገለበጥሁት። ስሞቹ በሙሉ ገብረ፣ ወለተ፣ ኃይለ እያሉ የሚጀምሩ ነበሩ። የደብር ሰው ስም ማውጣት ያውቅበታል አልሁ በሆዴ። እዚህ ላይ ከወዲሁ ነገሩ ገብቷችሁ የሳቃችሁ ካላችሁ፣ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

ዕለቱ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ የጤና ጣቢያው ግቢ ሰው ሞልቶታል። አንዱ ሕመምተኛ ከሁለት መሪ ጋር ነው የመጣው፤ ያልተመዘገበውም ዕድሉን ሊሞክር መጥቷል። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እኔ በረንዳው ላይ ወጥቼ ድምፅ ማጉያዬን ከፈትሁ።

“ስማችሁ ሲጠራ እጃችሁን አንሡ! ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ይሰረዛል!”

ቁጥር አንድን ጠራሁ። የጠራሁትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። ከስሙ ጎን “ሁለቱም ዓይን” ይላል። አንድ ጊዜ ጠራሁ፣ ዝም። ደገምሁ፣ ዝም። ሦስተኛው ጥሪዬ ገበያው ድረስ ተሰምቷል። ከበረንዳው ሥር፣ ከእግሬ ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ ያስደገፉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በሦስተኛው ጥሪ ራሳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍሁና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁ።

በምትኩ ከተጠባባቂዎች የመጀመሪያዋን፣ እትየ ብርቄ የሚባሉትን ሴት፣ አስገባሁ። ተጠባባቂዎቹን ሲስተር ከለካቻቸው በኋላ እዚያው ሮብ ገበያ ራሳችን ስለመዘገብናቸው ስማቸው ከነአባታቸው ነበር።

ቁጥር ሁለት “ወለተ ማርያም” ይላል። ስጠራ አምስት ሴቶች ብድግ አሉ።

“ቀኝ ዓይን የተባለችው የትኛዋ ናት?”

ሦስቱ “እኔ!” አሉ። ከፊት የቆመችውን አስገባሁ። ቁጥር ሦስትን ስጠራ አራት ገብረ ሚካኤሎች ተነሡ፤ ሁለቱ ተጋፍተው በረንዳው ላይ ወጡብኝ። በመካከላቸው ገብቼ እንደ ዳኛ ፈረድሁ። በላይ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን “ዛሬስ መላእክቱ ራሳቸው ወርደዋል” አለ። እኔም ሳቅሁ። አያችሁ፣ ልብ የማይል ሰው የሚስቀው በራሱ ላይ ነው።

አምስተኛውን ስጨርስ አንዲት ወጣት ሴት የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ስሟን በኋላ ነው ያወቅሁት፣ የሺ ትባላለች።

“እትየ፣ አባየ መቼ ነው የሚጠራው?”

“ስማቸው ማን ነው?”

“ይግዛው። ይግዛው ዓለምነህ።”

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። “የሉም።”

“ኧረ አለ! መሪጌታ ሲጽፉት ከራቅሁበት ሆኜ አይቻለሁ። እኔ ነኝ መርቼ የወሰድሁት።”

“ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው አላስገባም፣ እህቴ።”

“ሁለት ዓይኑ እኮ ነው የጠፋው፤ ሦስት ዓመቱ። መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጥተን በግማሽ እህል ነው የምንኖረው። ዛሬ ካለፈው ማን ይመጣልናል?”

አባቷ እነዚያ ከበረንዳው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ “አያ፣ መሪጌታ ዘንድ ተመዝግበዋል?” አልኋቸው።

“ተመዝግቤ ነበር” አሉ ቀስ ብለው።

“ታዲያ ስምዎ የት ሄደ?”

“ተይው ልጄ። ሳይፈቅድልኝ ቀርቶ ነው።”

ተነሡ። የሺ የበትሩን ጫፍ ይዛ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወደ በሩ መራቻቸው። እኔ ቁጥር ስድስትን ጠራሁ።

ቁጥር ስድስት ገና ሳይነሣ ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች። “አስናቀች፣ ነይ ግቢ።”

ውስጥ ዶክተሩ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። ያስገባኋት “ወለተ ማርያም” ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች።

“ወረቀትሽ ቀኝ ዓይን ይላል” አለኝ ዶክተሩ። “የዚህች ሴት ቀኝ ዓይን ደህና ነው። ሞራው ግራው ላይ ነው።”

“ምናልባት ሲጻፍ...”

“ሁለተኛውም ሰው እንደዚሁ ነው። ሌንሱ የተለካው ለሌላ ሰው ነው። መለኪያው መሣሪያ ደግሞ ወደሚቀጥለው ወረዳ ቀድሞናል፣ እንደገና አንለካም። ማን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላዋ አላነሳም። እስከ ስድስት ሰዓት አስተካክይ፤ ከዚያ ካለፈ አርባውን አንጨርስም።”

ሰዓቱ አራት ሰዓት አልፏል። ሲስተር ደግሞ “ያ ሰውዬስ የት አሉ?” አለችኝ። “ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋው፣ ልጃቸው በበትር የምትመራቸው። ከሁሉም የባሱ እሳቸው ናቸው። ቁጥር አንድ ያድርጉልኝ ብዬ መሪጌታን አደራ ብያቸዋለሁ።”

ወረቀቱን አየሁ። ቁጥር አንድ፤ ሁለቱም ዓይን፤ በላዩ ላይ ቀይ መስመር። ከዚያ ስሞቹን እንደገና ወደ ታች አነበብኋቸው። ገብረ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ... ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴ ቆሜ የሰማኋቸው ስሞች ናቸው። አርባውም ስመ ክርስትና ነው! ከንስሐ አባት በቀር ማንም እንዳይሰማው ሰው በሹክሹክታ የሚናገረውን ስም፣ እኔ በባትሪ በሚሠራ ማጉያ ሮብ ገበያን ሙሉ አሰምቼዋለሁ። መሪጌታ ጋ ደወልሁ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። በላይን “ሞተር ሳይክልህን አስነሣ፣ መሪጌታን ካሉበት አምጣቸው” አልሁና ራሴ ወደ በሩ ሮጥሁ።

የገበያው መንገድ ተጨናንቋል። የድንች ጆንያ የጫኑ አህዮች፣ በግ የሚጎትቱ ገበሬዎች፣ የገብስ ሸክም። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ደግሞ በሮብ ገበያ ስንት አለ! ሦስት ሰው በስህተት ትከሻውን ይዣለሁ። በመጨረሻ ከከተማው መውጫ፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሺ በእግራቸው የገባውን እሾህ ታወጣለች።

“አያ ይግዛው! ይመለሱ፣ ቁጥር አንድ እርስዎ ነዎት።”

“እኔ ይግዛው ነኝ” አሉ።

“አውቃለሁ። ግን ያ ስም...”

“የሺ፣ እስቲ ወዲያ በይልኝ” አሏት። ልጃቸው እስክትርቅ ጠብቀው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። “ያን ስም ልጄ እንኳ አታውቀውም። ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ድንበሬን ገፍቶ ፍርድ ቤት ሲያመላልሰኝ የኖረ ባላጋራዬ ነው። ባላየውም ሳሉን አውቀዋለሁ። አንች ስሜን እንደጠፋ በሬ ስትለፍፊው እጄን ባነሣ ኖሮ፣ ማታውኑ ለጠንቋይ ወስዶ ይሰጠው ነበር። ዓይን አገኛለሁ ብዬ ነፍሴን ላስይዝ?”

“ታዲያ ዝም ብለው ሊሄዱ ነበር?”

“ሄጃለሁ እኮ።”

ቁጭ አልሁ አጠገባቸው። ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ሦስት ሰዎች ዝርዝሩ ላይ አሉ፤ ሌንሳቸው የተለያየ ነው፣ ከመካከላቸውም አንዱ የደም ግፊት ያለበት ነው። “ስሙ የእርስዎ መሆኑን ከአፍዎ ካልሰማሁ፣ ብሳሳት የምትጠፋው የእርስዎ ዓይን ናት” አልኋቸው። በእምቢታ አንገታቸውን ነቀነቁ። አልቆጡኝም፣ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ በድግምት አላምንም። የሂሳብ መምህር ነኝ። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እናቴ “ስመ ክርስትናሽን ለሰው እንዳትነግሪ” ብላ አሳድጋኛለች፣ እኔም አላምንም እያልሁ ይኸው ለአንድ የሥራ ባልደረባ እንኳ ሳልነግር ኖሬያለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ለራሴ ስም የሳሳሁትን ያህል ለሌላው አልሳሳሁም።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልሁና የራሴን ስመ ክርስትና ነገርኋቸው። ከነእናቴ ስም ጭምር።

“ይህ መያዣዎ ነው” አልኋቸው። “የእርስዎ ስም ከእኔ አፍ ቢወጣ የእኔንም ለፈለጉት ይስጡብኝ።”

ነጭ የለበሱት ዓይኖቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ እጃቸው ትከሻዬን ፈልጎ ያዘና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። የነገሩኝ ስም ቁጥር አንድ ላይ የተጻፈው ነበር።

ስንመለስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። በረንዳው ላይ ወጥቼ ለመጨረሻ ጊዜ ማጉያውን አነሣሁ። “ወገኖቼ፣ ጠዋት የጠራሁት በሙሉ ተሽሯል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ስሙ በአደባባይ አይጠራበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ።” አንዲት ባልቴት “እግዜር ይስጥሽ፣ ልባችንን ሰቅለሽው ነበር” አሉ፣ ሰውም ጉምጉምታውን ቀጠለ።

የከፋው ውስጥ ነው የጠበቀኝ። የቁጥር አንድ ቦታ ተይዟል። እትየ ብርቄ ጠብታው ተደርጎላቸው፣ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ አግዳሚው ላይ ተሰልፈዋል። ዕቃው ለአርባ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር፤ ዝም ማለት ወይም ማስነሣት።

“እትየ ብርቄ፣ ቦታው የሌላ ሰው ነበር። እኔ ነኝ በስህተት የሰጠሁዎት። እሳቸው ሁለቱም ዓይናቸው...”

“እና ተነሽ ነው የምትይኝ?”

“አዎ።”

ቀና ብለው በሚያየው አንድ ዓይናቸው አፈጠጡብኝ። “ጠዋት እንደ ነጎድጓድ ስታምባርቂ ነበር። አሁን ምነው ድምፅሽ ተሰለበ?” አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። “ይሁን፣ እኔ በአንዱ እደናበራለሁ። ለሁለተኛው ዙር ግን ከሁሉ አናት እኔን ጻፊ። ብርቄ ፈንታሁን ብለሽ፤ እኔ የምደብቀው ስም የለኝም!”

ይህን እያሉ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። መሪጌታ ፍሬው በአንድ እጃቸው ጥምጥማቸውን፣ በሌላው የበላይን ወገብ ይዘው ከተዝካር ቤት መጡ። ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ የሠራሁትንም ነገርኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

“ልጄ፣ የሕሙማን ስም ጻፉልን ስትይኝ ለጸሎት መስሎኝ ነው። በደጀ ሰላም የታመመ ሰው ስም ለሌላ ምን ይጻፋል? ይኸው ሁለት ሳምንት በየቅዳሴው ስማቸውን እየጠራሁ ስለምንላቸው ከረምሁ።”

“ከጎኑ ያለው ቁጥርስ አባቴ?”

“እሱ የሐኪም ነው፤ ሐኪሙም ጸሎቱም አብሮ ይሁን ብዬ ጻፍሁት።”

አልሳቅሁም። ሰውዬው ሥራቸውን ከእኔ አሳምረው ሠርተዋል። እኔ የጎደለኝ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ “ምን ብለው ጻፏቸው?” ብሎ መጠየቅ።

መሪጌታ በክትባት ክፍሉ ተቀመጡ። ሕመምተኞቹ አንድ በአንድ እየገቡ በጆሯቸው ያንሾካሹካሉ፣ እሳቸው ጣታቸውን ከስሙ ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔ ደግሞ ዘወር ብዬ ቁጥሩን ብቻ በየግንባራቸው ፕላስተር ላይ እጽፋለሁ። አያ ይግዛውን በመካከል አስገብተን፣ ግንባራቸውን በጋቢያቸው ሸፍነን ነው ያሳለፍናቸው፣ ቁጥር አንድ መሆናቸውን ማንም እንዳያውቅ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ ዘጠኙ ተገኙ። ሃያ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ግን መሪጌታ ጣታቸውን አነሡ።

“እሷን አትጠብቂያት። ባለፈው ሳምንት ቀብሬያታለሁ።”

እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ ጠርቼ በቀይ እሰርዛት ነበር። መሪጌታ አማተቡ፣ እኔም አማተብሁ፤ ወጥቼም እትየ ብርቄን ከአጥሩ ሥር ጠርቼ አመጣኋቸው። ሌንሳቸው ቀድሞም የተለካ ስለነበር ዶክተሩ እሺ አለ። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ግን ወረቀቱን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ እጁን ለመታጠብ ሄደ። የመጨረሻው ሰው የወጣው ፀሐይ ጮቄ ጀርባ ስትገባ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻ ሲከፈት ከአያ ይግዛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ለጊዜው የተሠራላቸው ቀኙ ነው። ሲስተር ፋሻውን አንሥታ ሁለት ጣቷን ከፊታቸው ቀሰረች። “ስንት ነው?” አያ ይግዛው ጣቶቹን አላዩም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“የሺ፣ ቀሚስሽ እንዲህ ተጣጥፎ ተሰፍቶ ተሰፍቶ... ምነው ሳትነግሪኝ?”

የሺ እየሳቀች አለቀሰች። እሳቸው ግቢውን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ ዛሬም ከአጥሩ ሥር የተቀመጠው ባላጋራቸው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። “ለካ እሱም ሸብቷል” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። የስም ዝርዝሩን መሪጌታ ከእጄ ተቀብለው፣ አራት ላይ አጥፈው በብብታቸው ከተው ሄዱ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያን ቀን ዝርዝር መጻፍ ተውሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዛሬም የክበቡ ጸሐፊ ነኝ፣ ዝርዝሬም ከበፊቱ ይረዝማል። የተለወጠው ሌላ ነው። ያኔ የሚሰጥ ሰው ስለነበርሁ የሚቀበለው ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር። ተቸገርሁ ብሎ የመጣ ሰው ጓዳውን ከፍቶ የመጣ፣ ስሙን፣ ሕመሙን፣ ድህነቱን በአደባባይ ቢያነቡበት የማያፍር ይመስለኝ ነበር። አያ ይግዛው ከዓይናቸው የሚበልጥባቸው ነገር ነበራቸው፤ ለእሱ ሲሉ ጨለማቸውን ይዘው ሊሄዱ ተነሥተዋል። ከዚያ ወዲህ ክበባችን ብርድ ልብስ ሲያድል ሰው እየገባ ለብቻው ይቀበላል፤ ፎቶ የሚነሣው የፈለገ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምንጠይቀውም “ምን ብለን እንጥራዎ?” ብለን ነው። ሥራው ዘገየ ብሎ የሚያጉረመርም አባል አለ። ያጉረምርም፤ እኔ ትክክል መሆናችንን አውቃለሁ።

አያ ይግዛው ዘንድሮ መሬታቸውን ራሳቸው አረሱ። አዝመራው ከገባ በኋላ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው ይፈልግሻል ተባልሁና ወጣሁ። ያለ መሪ፣ ያለ በትር ቆመዋል። ሰላምታው እንዳለቀ ግራ ቀኙን አይተው ጠጋ አሉኝ።

“ያችን ያስያዝሽኝን ስም ለሰው አልነገርሁም” አሉ። “ለመሪጌታ ብቻ ነው የሰጠኋት። በየቅዳሴው ከእኔ ቀጥላ ትጠራለች።”

ደውሉ ተደውሏል፣ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ አለቀስሁ።